በቀይ የተሰረዘው ብቅል

ቀይ እስክሪብቶ የጨበጠ ሁሉ አዋቂ ነው ያለህ ማነው? ንገረኛ! አራሚ ስለተባለ ብቻ ራሱ የማይታረም፣ በእጁ ከያዘው የመልስ ወረቀት ውጭ ያለውን ዓለም በአንድ ጭረት የሚሰርዝ ሰው ገጥሞህ አያውቅም? ካልገጠመህ ዕድለኛ ነህ። የንፋስ መውጫዋን ደጊቱን ግን ገጥሟታል፤ የገጠማትም በገዛ ሙያዋ፣ በገዛ ልጇ በኩል ነው።

ደጊቱ ጠላ ጠማቂ ናት። በከተማው ውስጥ የእሷን ጠላ ያልቀመሰ ማኅበርተኛ ወይም ሠርገኛ መፈለግ በጥር ዝናብ መለመን ነው። ጎረቤቶቿ ቁጣዋን የጭድ እሳት ይሉታል፦ ቦግ ብሎ ቤቱን ያበራና ውኃ ሳይቀዳለት ይጠፋል። የዚያን ቀን የተነሣው ቁጣ ግን የጭድ አልነበረም። ኩበት ነበር፤ ውስጥ ውስጡን ሲግል የሚከርም።

ከሰዓት በኋላ ነው። ደጊቱ አጓሮ ሰሌን ላይ ብቅል አስጥታለች። ገብሱን ዘፍዝፋ፣ በቅጠል ሸፍና፣ ድንጋይ ተጭናበት ሰንብታ፣ ጭራ ጭራ ሲያወጣ ፀሐይ ላይ አውጥታዋለች። ነፋሱ ሰሌኑን ሊገለብጠው ሲል አራት ማዕዘኑን በአራት ድንጋይ ትጫናለች። በዚህ መሐል ልጇ ፅጌረዳ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ከትምህርት ቤት መጣችና ሳትናገር ከሰሌኑ ዳር ተቀመጠች።

«ምነው አፍሽን ዘጋሽ? ፈተናው አልተመለሰም?»

«ተመለሰ።»

«ታዲያ?»

«በግማሽ ነጥብ ተበለጥሁ።»

ፈተናው ተራ ፈተና አልነበረም። «ጎሕ የሳይንስ ወዳጆች» የሚባል ማኅበር ከከተማው ተማሪዎች መሐል ሁለቱን መርጦ ክረምቱን ባሕር ዳር ወስዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሊያሠለጥን ነው ያወዳደረው። ፅጌረዳ ማይክሮስኮፕ በመጽሐፍ ሥዕል እንጂ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ከጥምቀት ጀምሮ ስታጠና ከርማ አሁን ሦስተኛ ወጣች። ሦስተኛ ደግሞ እዚያው ንፋስ መውጫ ይቀራል።

ደጊቱ ወረቀቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ስድስተኛ ክፍል ድረስ ተምራለች፤ ማንበቡ አያቅታትም። ከገጹ ግርጌ ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ስታርችን ወደ ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም የሚገኝባቸውን ሁለት ቦታዎች ጻፍ።» ፅጌረዳ በተጣራ እጅ ጽሑፍ «አንደኛ ምራቅ፣ ሁለተኛ ብቅል» ብላለች። ምራቅ ላይ ትክክል ተደርጎ አንድ ነጥብ ተሰጥቷል። ብቅል ላይ ግን ወረቀቱን እስኪበሳ ድረስ ቀይ ተጭሮበታል፤ ከጎኑም «ይህ የባዮሎጂ ፈተና እንጂ ጠላ ቤት አይደለም!» የሚል ተጽፏል።

«ማነው ይሄን የጻፈው?»

«ጋሽ አድማሱ። የአራሚዎቹ ሰብሳቢ እሱ ነው። ወረቀት ሲመልስ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰማንያ ተማሪ ሳቀብኝ፣ እማ።»

ደጊቱ ዝም አለች። ደጊቱ ዝም ስትል ደግሞ ጎረቤቶቿ በር ይዘጋሉ።

«እስቲ አስረጂኝ» አለች በመጨረሻ። «ይሄ ኢንዛይም የምትሉት ምንድን ነው?»

ፅጌረዳ ቀና አለች። ስለዚህ ነገር ስትናገር ኀዘኗን ትረሳለች። «ስታርች ማለት ልክ እንደ መቁጠሪያ ነው፣ እማ። ዶቃዎቹ ስኳር ናቸው፤ በመቶ በሺህ ተያይዘው የተሰኩ። ተሰክተው ሳሉ ምላስ አያውቃቸውም። ገንፎ የማይጣፍጠው ለዚያ ነው። ኢንዛይሙ ክሩን ይበጥሰዋል። ዶቃው ሲበተን ምላስ ስኳርነቱን ያውቀዋል።»

«ገብሱስ የራሱን ክር ለምን ይበጥሳል?»

«ሊበቅል ነዋ! ስታርቹ ስንቁ ነው። ቡቃያው አፈር ውስጥ ሲነቃ ስንቁን ፈትቶ ሊበላ መቁረጫውን ይሠራል። አንቺ ደግሞ መቁረጫውን ሠርቶ ሊበላ ሲል ጠብቀሽ ፀሐይ ላይ ታደርቂዋለሽ።»

«በይ እንግዲህ ሌባ ነሽ በይኝ! ከቡቃያ አፍ የምነጥቅ!»

ሁለቱም ሳቁ። ደጊቱ ግን እየሳቀች ነጠላዋን አደገደገች። ሃያ ዓመት ሙሉ ብቅል በገባበት ቀን ድፍድፉ ሲጣፍጥ በጣቷ እየቀመሰች አሳልፋለች። ስሙን አታውቀውም ነበር እንጂ ሥራውን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። አሁን አንድ ሰው ተነሥቶ ይሄ የለም አላት። የለም ብቻም አይደለም፤ አሣቀባት።

በማግሥቱ ጠዋት እናትና ልጅ የገብስ ዱቄትና አንድ ቁና ቀደም ሲል የተፈጨ የብቅል ዱቄት ይዘው አቶ አድማሱ ቢሮ ገቡ። አቶ አድማሱ ጫማው የሚያብለጨልጭ፣ የሸሚዙ ክሳድ እስከ ላይ የተቆለፈ፣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ክፉ ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ይጠራጠራል። እሱ ግን ከማኅበሩ የተላከለትን የመልስ ቁልፍ በፕላስቲክ ሸፍኖ መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጥ ዓይነት ሰው ነው።

«ቁልፉ "ምራቅ እና ቆሽት" ነው የሚለው» አለ ሳይቀመጡ። «ብቅል የሚል የለበትም።»

«ቆሽት?» አለች ደጊቱ። «የእኔንማ ቆሽት አሳረሩት!»

«ወይዘሮ ደጊቱ፣ እዚህ ቢሮ ነው። ተረጋጊ።»

«ተረጋግቻለሁ። ገንፎ እናገንፋና ይዩት። ይሄን ዱቄት ስጨምርበት ካልቀጠነና ካልጣፈጠ፣ እኔ ጠላ መጥመቅ ትቼ እርስዎ ጂኦግራፊ ያስተምሩኝ።»

አቶ አድማሱ ሰዓቱን አየ። ቶሎ እንዲገላገል የዘበኛው ማንደጃ ላይ ድስት እንዲጣድ አዘዘ። ገንፎው ማማሰያ ቀጥ አድርጎ እስኪያቆም ወፈረ። ደጊቱ ከእሳቱ አውርዳ እስኪበርድ ልትጠብቅ ስትል እጁን ዘርግቶ ከለከላት።

«ምን ልታደርጊ ነው? እሳቱ ላይ እንዳለ ይጨመር።»

«ኧረ በፈላ ላይ ብቅል አይገባም!»

«ለምን?»

«እናቴ እንዲያ ነው ያስተማረችኝ» አለች።

«እናትሽ ኬሚስት ነበሩ? ሳይንስ በንጽሕና ነው የሚሠራው። ይሄ ዱቄት ሰሌን ላይ ውሎ፣ ነፋስ አቧራ ነስንሶበት የመጣ ነው። ጀርሙ ይሙት! ይፍላ!»

ዱቄቱ በሚንተከተከው ገንፎ ውስጥ ገባ። ሩብ ሰዓት ፈላ። ማማሰያው እንደ ወታደር ቆሞ ቀረ። አቶ አድማሱ አንድ ማንኪያ ቀምሶ ፊቱን አጨማደደና «የገብስ ገንፎ» ሲል ፈረደ። «የሠልጣኞቹ ስም ዝርዝር በሚቀጥለው ገበያ ቀን ከሰዓት ይዘጋል። ልጅቷ ለሚመጣው ዓመት ትሞክር።»

እንግዲህ ተመልከት! ጀርም ሲገድል የፈተናውን መልስ የገደለ ሰው ይህ ነው። ደጊቱ ግን የዚያን ጊዜ ይህን ለመናገር ቃሉ አልነበራትም። ያላት የእናቷ ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ትእዛዝ ደግሞ ምክንያቱን ካልያዘ ቢሮ ውስጥ አያሟግትም።

ቃሉን ይዛላት የመጣችው መምህርት ፈትለወርቅ ናት። ፈትለወርቅ የፅጌረዳ የባዮሎጂ አስተማሪ ስትሆን፣ ፈተና ልትቆጣጠር መካነ ኢየሱስ ሰንብታ ነበር። የሆነውን ሰምታ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ደጊቱ ቤት ገባች። ቤቱ ውስጥ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ተቀምጠዋል። ቤተ ልሔም ገዳም ዜማ የሚያስተምሩ፣ ወደ ከተማ በወጡ ቁጥር ከደጊቱ ቤት አንድ ዋንጫ ሳይጠጡ የማይመለሱ፣ ቀልድ የሚወዱ ሽማግሌ ናቸው።

«አፈላው?» አለች ፈትለወርቅ። «እትዬ ደጊቱ፣ እውነት አፈላው?»

«ሩብ ሰዓት!»

ፈትለወርቅ ሳቀች። «ገደሉታ! ኢንዛይም እኮ ፕሮቲን ነው።»

«ፕሮቲን የሚሉት ሥጋና ምስር ውስጥ ነው እንጂ…» አለች ደጊቱ።

«እዚያም አለ፣ እዚህም አለ። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ሥራውን የሚሠራው በእሱ ነው። ፕሮቲን ረጅም ክር ነው። ክሩ ግን ዝም ብሎ አይንጠለጠልም፤ ይጠማዘዛል፣ ይተጣጠፋል፣ የራሱን ቅርጽ ይይዛል። ሥራው ያለው ቅርጹ ላይ ነው።» ዙሪያዋን ስታይ ዓይኗ መሪጌታ ራስ ላይ አረፈ። «እነሆ! የየኔታን ጥምጥም እዩት።»

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ራሳቸው ሰደዱ። «ጥምጥሜ ምን አደረገሽ?»

«ምንም፣ የኔታ። ሰባት ክንድ ሻሽ ነው አይደል? ቢፈታ ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው፤ አንዲት ክር አልጎደለችም። ግን ጥምጥም ነው?»

«ቢፈታማ መላጣዬ ነው የሚታየው!»

ደጊቱ እስክታነባ ሳቀች። ፈትለወርቅ ቀጠለች፦ «እሳት ኢንዛይሙን እንዲያ ነው የሚፈታው። ክሩ አለ፤ ቅርጹ የለም። ቅርጹ ከሌለ የስታርቹን ዶቃ የሚይዝበት እጅ የለውም። አንዴ በፈላ ከተፈታ ደግሞ ቢቀዘቅዝም ተመልሶ አይጠመጠምም። ጣት የሚታገሠው ሙቀት ላይ ግን ከሁሉ በላይ ይሠራል።»

«ጣት የሚታገሠው!» ደጊቱ ጉልበቷን መታች። «እናቴ "ጣትሽን ነክረሽ ሦስት ከቆጠርሽ ብቅሉን ጨምሪ፤ ካቃጠለሽ ይቃጠላል" ትለኝ ነበር። እኔ የሚያቃጥለው ጣቴን ብቻ መስሎኝ!»

«እናትሽ እንግዲህ ኬሚስት ነበሩ» አሉ መሪጌታ ዋንጫቸውን አንሥተው።

ደጊቱ ግን ከመቀመጫዋ ተነሥታለች። «የኔታ፣ የፊታችን ገበያ ይመጣሉ?»

«ምን ልታደርጊ?»

«በላ ልበልሃ ልገጥም ነው። ዳኛው እርስዎ ነዎት።»

መሪጌታ ጠላው ትን አላቸው። ሁለት ባላጋራ በአደባባይ ቆሞ በቃልና በማስረጃ የሚረታታበት የጥንት ሙግት ከልጅነታቸው ወዲህ ሲካሄድ አላዩም። ለዚያውም በገንፎ! ግን «እመጣለሁ» አሉ፤ ከደስታቸው ብዛት ያልተጠየቁትንም ጨመሩ፦ «አድማሱንም እኔ እጠራዋለሁ። የዜማ ተማሪዬ ወንድም ነው፤ እምቢ አይለኝም።»

የገበያው ቀን ደረሰ። ከእህል ተራው ጥግ፣ ከጥዱ ሥር፣ ደጊቱ ሁለት ምድጃ ጎለተች። ገብስ ሊሸጥ የመጣው ገበሬ ቁናውን እየተወ መጣ፤ ባጃጅ ነጂዎች ሞተር አጥፍተው ቆሙ፤ የትምህርት ቤቱ ልጆች አጥር ላይ ተንጠለጠሉ። አቶ አድማሱ ክሳዱን እንደቆለፈ ከመሪጌታ ጎን ደረሰ። ፈገግ ብሏል፤ ውጤቱን አስቀድሞ ያየ ሰው ፈገግታ ነው።

«በላ ልበልዎ!» ብላ ጮኸች ደጊቱ። ሕዝቡ «እሰይ!» አለ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው «ተናገሪ፤ ባጭሩ» አሉ። «ገንፎ ሲቀዘቅዝ ዳኛ ይራባል።»

«ይሄ አንድ ገንፎ ነው፣ ከአንድ ገብስ የተገነፋ፤ ለሁለት ማሰሮ የተከፈለ። ይሄ ደግሞ አንድ ብቅል ነው፣ ለሁለት የተከፈለ። ግማሹን ጋሽ አድማሱ ባዘዙት መሠረት መምህርት ፈትለወርቅ በውኃ በጥብጣ ሩብ ሰዓት አፍልታዋለች። ጀርሙ ሞቷል፤ ነፍሱን ይማር! ግማሹን በሞቀ ውኃ ብቻ በጥብጬዋለሁ።»

ሕዝቡ ሳቀ። ደጊቱ ጣቷን ከገንፎው ነከረች፣ ሦስት ቆጠረች፣ አወጣች። ከዚያ የፈላውን በግራው ማሰሮ፣ ያልፈላውን በቀኙ ማሰሮ ጨምራ እኩል አማሰለች፤ ሁለቱም ላይ ማማሰያ ተከለች። ሁለቱም ቀጥ ብለው ቆሙ።

የንፋስ መውጫ ነፋስ ግን ሙግት አይፈራም። ተነሥቶ አቧራ ሲያጨስ ደጊቱ «ይበርድብኛል!» ብላ ጋቢዋን ገፈፈችና ሁለቱን ማሰሮዎች እንደ መንታ ሕፃን አቅፋ ጠቀለለቻቸው።

«ጡት አጥቢያቸው!» አለ አንድ ገብስ ሻጭ።

«አንተን ያጠባሁህ ይበቃኛል፤ ጠላዬን ስትመጠምጥ የኖርህ!»

ጥቂት ቆዩ። አቶ አድማሱ ሰዓቱን አየ። ፅጌረዳ ጥፍሯን ትበላለች፤ የስም ዝርዝሩ ከሰዓት በኋላ እንደሚዘጋ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በድንገት ከአጥሩ ላይ አንዲት ተማሪ «ዘመመ!» ብላ ጮኸች። እውነትም የቀኙ ማማሰያ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ማማሰያው ትንሽ ቆየ፣ ተንገዳገደ፣ ከዚያ የማሰሮውን ከንፈር «ቀው!» አድርጎ መትቶ ተኛ። የግራው ግን ከነወታደርነቱ ቆሟል።

ገበያው በእልልታ ተናጋ።

«ቀጠነ እንጂ ጣፈጠ ማን አለ?» አለ አቶ አድማሱ፤ ፈገግታው ግን ከፊቱ ወርዷል።

መሪጌታ ማንኪያ አስመጡ። ከግራው ቀመሱ፦ «ገብስ።» ከቀኙ ቀመሱ፤ ቆም አሉ፤ ደግመው ቀመሱ፤ ሦስተኛም ሲደግሙ ፈትለወርቅ «የኔታ፣ ለማስረጃ ይቅር እንጂ!» ብላ ማንኪያውን ያዘችባቸው። «ማር የነካው ይመስላል» ሲሉ መሰከሩ።

«ስኳር ተጨምሮበት ይሆናል!» አለ አቶ አድማሱ።

ይህን ማለቱ ለራሱ አልበጀውም። ገብስ የሚያመርት፣ ብቅል በየቤቱ የሚያበቅል ሕዝብ ፊት እንዲህ አይባልም። «አንተ ሰው፣ እናትህ ቤት ጠላ አልጠጣህም?» አለች አንዲት አሮጊት። «ስኳር ከየት አምጥታ? ገብሱን ጠይቀው እንጂ!» አለ ሌላው። ማንኪያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የቀመሰ ሁሉ አዲስ ነገር ያገኘ ይመስል ራሱን ነቀነቀ፤ ማንም ግን አዲስ ነገር አላገኘም። የሚያውቁትን ነው የቀመሱት። አዲሱ ነገር፣ የሚያውቁት ነገር ዕውቀት ተብሎ መጠራቱ ነበር።

አቶ አድማሱ ወደ ደጊቱ ተጠጋ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሲያንቋሽሽበት የነበረውን «አንቺ»ም ጣለው።

«ወይዘሮ ደጊቱ፣ እባክዎ… ይሄን ያህል መድረስ አልነበረበትም። አሁኑኑ ቢሮ ገብቼ ነጥቧን በጸጥታ አስተካክላለሁ። ፅጌረዳ ሁለተኛ ትሆናለች፤ ስሟ ዛሬውኑ ይላካል። እርስዎም ማሰሮዎን ይሰብስቡ፤ ሰውም ይበተን። ነገሩ እዚህ ላይ ከገፋ ግን ለማኅበሩ ሪፖርት መጻፍ ሊኖርብኝ ነው፤ ዝርዝሩም ሳይጠብቀን ይዘጋል።»

ፅጌረዳ ሰምታለች። የእናቷን እጅጌ ያዘች። «እማ፣ እሺ በይ» አለች በሹክሹክታ። «እማ፣ ባሕር ዳር!»

ደጊቱ ልጇን አየች። ማይክሮስኮፑን አሰበች፤ ክረምቱን አሰበች። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው! አንድ ቃል ነው። ግን ከአጥሩ ላይ የተንጠለጠሉትን ተማሪዎች አየች፤ ያኔ የሳቁት እነዚያው ናቸው። ነጥቡ በጸጥታ ቢመለስ፣ እነሱ ዘንድ ብቅል ዛሬም የጠላ ቤት ወሬ እንደሆነ ይቀራል። ልጇም ባሕር ዳር ብትሄድ በምሕረት የገባች እንጂ መልሷ ትክክል ስለነበር የሄደች አትባልም።

«ፅጌ» አለች። «የጻፍሽው ልክ ነው አይደለም?»

ፅጌረዳ ሁለቱን ማሰሮዎች አየች፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ወድቆ። «ልክ ነው» አለች። ከዚያ እጅጌውን ለቀቀችና ከደብተሯ መሐል የታጠፈውን የፈተና ወረቀት አውጥታ ለእናቷ ሰጠቻት።

ደጊቱ ጥዱ ሥር ያለው ድንጋይ ላይ ወጣች። ወረቀቱን ዘርግታ ከፍ አደረገችው። ነፋሱ ሊነጥቃት ታገለ፤ አለቀቀችውም። ቀዩ ጭረት እስከ በርበሬ ተራ ድረስ ይታያል።

«ጋሽ አድማሱ!» አለች፤ ድምፅዋ ገበያውን ጸጥ አሰኘው። «ነጥቧን በጸጥታ እመልሳለሁ አሉኝ። እኔ ጸጥታ አልጠየቅሁም! ልጄን ያሣቁባት በሰማንያ ተማሪ ፊት ጮክ ብለው አንብበው ነው። ሰማንያውም እነዚያው፣ አጥሩ ላይ አሉ። የኔታ ዳኛ ናቸው፣ መምህርት ምስክር ናት፣ ማሰሮውም አፍ አውጥቶ ተናግሯል። የቀረው የእርስዎ ቃል ነው። ሪፖርት ከጻፉም ይጻፉ፣ ዝርዝሩም ከተዘጋ ይዘጋ፤ እኔ ከዚህ ድንጋይ አልወርድም። የእኔ ልጅ መልስ ትክክል ነው ወይስ ስሕተት? ቢሮ አይግቡ፣ ጆሮዬ ላይ አያንሾካሹኩ፤ እዚሁ በቆሙበት፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ ይመልሱ!»